ሞገድም ቅንጣትም፦ የብርሃንና የቁስ ረጅሙ ክርክር

በ1887 በጀርመኗ የካርልስሩሄ ከተማ ሃይንሪሽ ሄርትዝ የተባለ የ30 ዓመት የፊዚክስ መምህር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው ሲፈልገው የነበረ ነው። የኤሌክትሪክ ብልጭታ የማይታይ ሞገድ ወደ አየር እንደሚለቅ ደረሰበት፤ ሞገዱ እንደ ብርሃን እንደሚንጸባረቅና እንደሚሰበርም በቀጣዩ ዓመት አረጋገጠ። ሁለተኛው ያልፈለገው ነው። ሞገዱን በሚቀበለው መሣሪያ ላይ የምትታየው ትንሽ ብልጭታ ስላልጎላችለት በጨለማ ሳጥን ከለላት፤ እሷ ግን ስትከለል ጭራሽ አጠረች። ነገሩን ሲያጣራ፣ ከዋናው ብልጭታ የሚመጣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ብረቱ ላይ ሲያርፍ ሁለተኛዋን ብልጭታ እንደሚያግዛት ተረዳ። ምክንያቱን ማስረዳት አልቻለም፤ ሆኖም ያየውን ጽፎ አሳተመ።

የመጀመሪያው ግኝት ብርሃን ሞገድ ለመሆኑ የመጨረሻው ማረጋገጫ ተደርጎ ተወሰደ። ሁለተኛው ግን 18 ዓመት ቆይቶ፣ ብርሃን ተቆጥሮ የሚሰጥ ቅንጣት ነው ለሚለው ሐሳብ በር ከፈተ። ክርክሩ ከሄርትዝ በፊት ሁለት መቶ ዓመታት ያህል ዘልቆ ነበር። ከእሱ በኋላም አልቆመም፤ ከብርሃን አልፎ የምንረግጠውን መሬትና የገዛ አካላችንን እስከ ሠሩት አቶሞች ደረሰ።

ይህን ታሪክ የአሸናፊና የተሸናፊ ታሪክ አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነገር ይታያል። መንገዱን ደጋግመው የከፈቱት፣ የራሳቸውን እምነት የሚቃወም ማስረጃ ሲገጥማቸው ሳያድበሰብሱ የለኩና የመዘገቡ ሰዎች ናቸው። እስቲ ከመነሻው እንከተላቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ሐሳቦች ሲወለዱ

የብርሃን ጥናት ከአውሮፓውያኑ ክርክር በፊት በዓረብኛ የተጻፈ ጠንካራ መሠረት ነበረው። በ965 ገደማ በባስራ ተወልዶ ኋላ በካይሮ የኖረው ኢብን አል-ሀይሰም፣ ዓይን የሚያየው ከራሱ ጨረር እያወጣ ሳይሆን ከነገሮች የመጣ ብርሃን ሲገባበት መሆኑን በሙከራ አስደግፎ አስረዳ። ስለ እይታ የጻፈው መጽሐፍ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ለምዕተ ዓመታት ተነብቧል። ብርሃን ከውጭ የሚመጣ ነገር ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ የማይቀር ነው፤ የሚመጣው ነገር ምንድን ነው?

አይዛክ ኒውተን በ1672 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ በላከው ጽሑፍ፣ ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ መሆኑን በፕሪዝም አሳየ። በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ ደግሞ ብርሃን ከሚያበራው አካል የሚፈናጠሩ ጥቃቅን አካላት ፍሰት ነው ወደሚለው ሐሳብ አዘነበለ። ዋናው ማስረጃው ጥላ ነበር። ድምፅ ግድግዳ ዞሮ ይሰማል፤ ብርሃን ግን ቀጥ ብሎ ተጉዞ ጥርት ያለ ጥላ ይጥላል። ሞገድ ቢሆን ኖሮ ጠርዙን ዞሮ ጥላውን ባደበዘዘው ነበር።

የኔዘርላንዱ ክርስቲያን ሃይገንስ በተቃራኒው ቆመ። በ1690 ባሳተመው የብርሃን ድርሳን፣ ብርሃን የሞገድ ስርጭት እንደሆነና በሞገዱ ፊት ያለች እያንዳንዷ ነጥብ የአዲስ ትንሽ ሞገድ ምንጭ እንደምትሆን አቀረበ። በዚህ መንገድ ነጸብራቅንም ስብረትንም አስረዳ፤ ቀለምን ግን ማስረዳት አልቻለም።

ጥላውም ቢሆን ኒውተን እንዳለው ጥርት ያለ አልነበረም። የቦሎኛው ኢየሱሳዊ ካህን ፍራንቸስኮ ግሪማልዲ ካረፈ በኋላ በ1665 በታተመው መጽሐፉ፣ በጠባብ ቀዳዳ በገባ ብርሃን ውስጥ የተያዘ ቀጭን ነገር ጥላው ከሚጠበቀው እንደሚሰፋና ጠርዙ ላይ ባለቀለም መስመሮች እንደሚታዩ ገልጾ ነበር። ኒውተን ራሱም ሌንስን በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው ባለው ስስ አየር ውስጥ ብሩህና ጨለማ ቀለበቶች እየተፈራረቁ ሲደረደሩ አየ። የአየሩን ውፍረት ቀለበት በቀለበት ለካ፤ ቋሚ ድግግሞሽም አገኘ። የሚደጋገም ነገር ለቅንጣት ሐሳብ አይመችም። ኒውተን ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ አሳተማቸው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም የገዛ ልኬቱ ተቃዋሚውን ረዳ።

የሞገድ ዘመን

ተቃዋሚው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ ነበር። ያንግ በ1801 በሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ንግግር ሁለት የብርሃን ሞገዶች ሲገናኙ ሊደጋገፉም ሊጠፋፉም ይችላሉ አለ። ረግቶ በተኛ ኩሬ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ሲወድቅ፣ ክቦቹ በሚገናኙበት ቦታ አንዳንዱ ውኃ ከፍ ብሎ ሲነሳ ሌላው ፀጥ ብሎ ይቀራል። ብርሃንም እንዲህ ከሆነ ብርሃን በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ ሊሰጥ ነው። ያንግ የእያንዳንዱን ቀለም የሞገድ ርዝመት ያሰላው ኒውተን በለካቸው ቀለበቶች ነው፤ ለቀይ ብርሃን ያገኘው ውጤት ወደ ሚሊሜትር 0.0007 ይጠጋል፣ ዛሬ ከምናውቀውም እምብዛም አይርቅም።

በ1803 ነገሩን በቀላል ሙከራ አጸናው። በመስኮት መዝጊያ ላይ በበሳት ትንሽ ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር አስገብቶ፣ ስፋቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ የወረቀት ቁራጭ በጠርዙ በኩል ጨረሩ ውስጥ አቆመ። በጥላው ውስጥ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ታዩ። በወረቀቱ በአንድ ጎን የሚያልፈውን ብርሃን ብቻ ሲጋርድ መስመሮቹ ጠፉ። መስመሮቹ የሚፈጠሩት ሁለቱም ጎኖች ክፍት ሲሆኑ ብቻ ነው ማለት ነው። ዛሬ በሁለት ስንጥቆች የሚሠራው ዝነኛ ሙከራ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

ያንግ የተቀበለው አድናቆት ሳይሆን ወቀሳ ነበር፤ ሄንሪ ብሩም «ኤዲንብራ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ሥራውን ክፉኛ አጣጣለበት። ነገሩ የተቆረጠው በፓሪስ ነው። የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ብርሃን ጠርዝ ሲያልፍ ስለሚያሳየው ጠባይ ባወጣው ውድድር፣ የመንገድና የድልድይ መሐንዲሱ ኦግስተን ፍሬኔል በ1818 የሞገድን ስሌት አስገባ። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ሲሜዎን ፖይሶን በቅንጣት የሚያምን ታላቅ የሒሳብ ሰው ነው። የፍሬኔልን ስሌት ተከትሎ እስከ ጥጉ ሲሄድ እንግዳ ውጤት ላይ ደረሰ፦ ስሌቱ ትክክል ከሆነ የአንድ ክብ ጥላ ማዕከል ላይ ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት። ፖይሶን ይህን ያቀረበው የሐሳቡን ከንቱነት ለማሳየት ነበር። ፍራንስዋ አራጎ ግን ሙከራውን ሠርቶ አየው፤ ነጥቡ በጥላው መካከል ያበራል። በ1819 ሽልማቱ ለፍሬኔል ተሰጠ። የሞገድን ሐሳብ ካጸኑት ማስረጃዎች ዋናውን ያመነጨው እንግዲህ የተቃዋሚው ጥንቁቅ ስሌት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃው በአንድ አቅጣጫ ተከማቸ። በ1850 ሌዎን ፉኮ ብርሃን በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ በዝግታ እንደሚጓዝ ለካ፤ በኒውተን ሐሳብ ግን መፍጠን ነበረበት። በ1865 ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የኤሌክትሪክና የማግኔትን ሕጎች አዋሕዶ፣ ከእነዚህ ሕጎች የሚወጣው ሞገድ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ጋር፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ጋር እንደሚገጥም አሳየ። ሄርትዝ ይህንን ሞገድ በጠረጴዛው ላይ ሲያመነጭ ብዙዎች ክርክሩ አለቀ አሉ።

ቅንጣት ሲመለስ

ክርክሩ ግን አላለቀም፤ የሄርትዝ ሁለተኛ ግኝት ጥያቄውን እንደገና አስነሳ። አልትራቫዮሌት ብርሃን ከብረት ኤሌክትሮኖችን እንደሚያወጣ ታወቀ፤ በ1902 ደግሞ ፊሊፕ ሌናርድ ያላሰበውን ውጤት ይዞ መጣ። በሞገድ ሐሳብ መሠረት ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ በበለጠ ጉልበት መውጣት አለባቸው። የታየው ሌላ ነው። ብርሃኑ ሲበረታ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ይጨምራል፤ የእያንዳንዱ ጉልበት ግን አይለወጥም። ጉልበቱን የሚወስነው የብርሃኑ ቀለም፣ ማለትም የሞገዱ ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሹ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢደምቅ አንድም ኤሌክትሮን አይወጣም።

በዚያው ሰሞን በበርሊን ማክስ ፕላንክ የጋሉ አካላት የሚለቁትን ጨረር የሚገልጽ ቀመር ሲያሰላ፣ ቀመሩ የሚሠራው ጉልበት በተወሰነ ልክ እየተቆነጠረ የሚሰጥ ከሆነ ብቻ እንደሆነ አገኘ። ሐሳቡን ታኅሣሥ 14 ቀን 1900 ለጀርመን የፊዚክስ ማኅበር አቀረበ። የአንዱ ቁንጥር ጉልበት ድግግሞሹን 6.626 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ በሆነው ቋሚ ቁጥር በማባዛት ይገኛል። ፕላንክ ወግ አጥባቂ ሰው ነበር፤ ይህን እርምጃ የወሰደው ሌላ መውጫ ስላጣ እንደሆነ ኋላ ጽፏል።

ቁንጥሩን ለብርሃኑ ለራሱ የሰጠው በበርን የፓተንት ቢሮ ይሠራ የነበረው አልበርት አይንስታይን ነው። በ1905 ባወጣው ጽሑፍ ብርሃን ራሱ በቁንጥር ጉልበት የሚጓዝ ከሆነ የሌናርድ ውጤት ሁሉ ግልጽ እንደሚሆን አሳየ። አንዱ ቁንጥር አንዱን ኤሌክትሮን ይገፋል፤ የደመቀ ብርሃን ብዙ ቁንጥሮች ይዞ ይመጣል እንጂ የእያንዳንዱን ጉልበት አያሳድግም። ሐሳቡ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ፕላንክና ባልደረቦቹ በ1913 አይንስታይን የፕሩሲያ አካዳሚ አባል እንዲሆን ሲጠቁሙ እንኳ፣ በብርሃን ቁንጥር ሐሳቡ አልፎ አልፎ ዒላማውን ቢስት ሊያዝበት እንደማይገባ ጽፈው ነበር።

በቺካጎ ሮበርት ሚሊካን ይህን ሐሳብ በሙከራ ሊያፈርስ ተነሳ። እንደ ሶዲየም ያሉ ብረቶች አየር ሲነካቸው ገጻቸው ወዲያው ስለሚበላሽ፣ አየር በተመጠጠበት የመስተዋት ዕቃ ውስጥ በሚሽከረከር ስለት እየተፋቁ የሚለኩበትን መሣሪያ ሠራ። ወደ አሥር ዓመት ያህል ደከመበት። በ1916 ያሳተመው ውጤት ከአይንስታይን ቀመር ጋር ልክ በልክ ገጠመ፤ የፕላንክን ቁጥርም ከዚያ በፊት ባልታየ ጥራት ሰጠ። ሚሊካን በዚያው ጽሑፍ የአይንስታይንን ማብራሪያ አሁንም እንደማይቀበል አልሸሸገም። ቁጥሩን ግን አላጣመመም። አይንስታይን የ1921ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዋናነት በዚህ ጉዳይ ነው፤ ለሚሊካን የ1923 ሽልማትም ይህ ሥራ አንዱ ምክንያት ነበር።

ከቀሩት ተጠራጣሪዎች ብዙዎቹን ያሳመነው አርተር ኮምፕተን ነው። በሴንት ሉዊስ ኤክስሬይን በግራፋይት ላይ ሲያሳርፍ፣ ተበትኖ የሚወጣው ጨረር የሞገድ ርዝመቱ እንደጨመረ አየ፤ በ1923ም ጨረሩ ልክ እንደ ቅንጣት ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱን እንዳካፈለ በስሌት አስረዳ። በ1924 የዳካው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳትየንድራ ናት ቦዝ የፕላንክን ቀመር ብርሃንን እንደ ቅንጣቶች ስብስብ ብቻ ቆጥሮ አገኘው፤ አይንስታይንም ጽሑፉን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት።

ይህ ሁሉ ግን የያንግንና የፍሬኔልን መስመሮች አላጠፋቸውም። አንዱ ማስረጃ ሌላውን አልሻረም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ።

ተራው የቁስ ሆነ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአይፍል ማማ የሬዲዮ ጣቢያ ያገለገለው ወጣቱ ሉዊ ደ ብሮይ፣ ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ። ሞገድ ይባል የነበረው ብርሃን የቅንጣት ጠባይ ካለው፣ ቅንጣት የሚባለው ኤሌክትሮን የሞገድ ጠባይ ለምን አይኖረውም? በ1924 በፓሪስ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ የማንኛውም ተንቀሳቃሽ አካል የሞገድ ርዝመት የፕላንክ ቁጥር ለአካሉ ሞመንተም፣ ማለትም ለመጠነ ቁስና ለፍጥነት ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው አለ። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ኳስ በሰከንድ 10 ሜትር ቢበር የሞገድ ርዝመቱ ወደ 10⁻³⁴ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከአቶም አስኳል ስፋት እንኳ በእጅጉ ስለሚያንስ በኳስ ሜዳ ላይ ምንም አይታይም። ኤሌክትሮን ግን እጅግ ቀላል ስለሆነ የሞገድ ርዝመቱ በክሪስታል ውስጥ በአቶሞች መካከል ካለው ርቀት ጋር ሊስተካከል ይችላል። ክሪስታል እንግዲህ ለኤሌክትሮን የያንግን ወረቀት ሊተካ ይችላል።

ማስረጃው ከአደጋ ተገኘ። በኒውዮርክ ክሊንተን ዴቪሰንና ሌስተር ጀርመር ኤሌክትሮኖችን ወደ ኒኬል ሲልኩ፣ በ1925 ላቦራቶሪያቸው ውስጥ የፈሳሽ አየር ዕቃ ፈነዳ፤ የመስተዋት ቱቦው ተሰብሮም ኒኬሉ ዛገ። ዝገቱን ለማስለቀቅ አብዝተው ሲያግሉት በኒኬሉ ውስጥ ትልልቅ ክሪስታሎች ተፈጠሩ። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮኖቹ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ብቻ በብዛት መውጣት ጀመሩ። ዴቪሰን በ1926 ኦክስፎርድ ውስጥ በተካሄደ ስብሰባ ላይ ማክስ ቦርን የእሱን የቀድሞ ልኬት ለደ ብሮይ ሐሳብ በምስክርነት ሲጠራ ሰምቶ፣ ሥራውን በአዲስ ዓይን ቀጠለበት። በ1927 ውጤታቸው ታተመ፦ በ54 ቮልት የተገፉ ኤሌክትሮኖች በ50 ዲግሪ ጎልተው ወጡ። ከዚህ የተሰላው የሞገድ ርዝመት 0.165 ናኖሜትር፣ የደ ብሮይ ትንበያ ደግሞ 0.167 ናኖሜትር ነው።

በዚያው ዓመት በአበርዲን ጆርጅ ፓጀት ቶምሰን ኤሌክትሮኖችን በስስ ንጣፍ አሳልፎ የሞገድ ቀለበቶችን አየ። አባቱ ጆሴፍ ጆን ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮን ቅንጣት መሆኑን አሳይቶ በ1906 ኖቤል ተሸልሟል፤ ልጁም የኤሌክትሮንን ሞገድነት አሳይቶ በ1937 ከዴቪሰን ጋር ተሸለመ። አባትና ልጅ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በ1930 ደግሞ ኦቶ ሽተርንና ኢማኑኤል ኤስተርማን ሙሉ የሂሊየም አቶሞችና የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ከክሪስታል ላይ እንደ ሞገድ ሲበተኑ አሳዩ።

ምን ማለት ነው?

በ1926 ኤርቪን ሽሮዲንገር የቁስ ሞገዶች የሚገዙበትን ቀመር ጻፈ። ሞገዱ የምን ሞገድ እንደሆነ ግን ግልጽ አልነበረም። በዚያው ዓመት ቦርን መልስ ሰጠ፦ ሞገዱ የሚነግረን ቅንጣቱን በአንድ ቦታ የማግኘት ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ነው። ሞገዱ በበረታበት ብዙ ቅንጣቶች ይገኛሉ፣ በጠፋበት ምንም አይገኝም። በ1927 ቨርነር ሃይዘንበርግ የአንድን ቅንጣት ቦታና ሞመንተም በአንድነት ከተወሰነ ልክ በላይ አጥርቶ ማወቅ እንደማይቻል አሳየ። ኒልስ ቦርም በዚያው ዓመት በኢጣሊያ ኮሞ ከተማ፣ ሞገድና ቅንጣት እርስ በርሳቸው የሚሟሉ ሁለት ገጾች እንደሆኑና አንዱን የሚያሳየን የሙከራ አደረጃጀት ሌላውን እንደሚጋርድ አስረዳ።

በጥቅምት 1927 በብራስልስ በተካሄደው የሶልቬይ ጉባኤ 29 የፊዚክስ ሊቃውንት ተሰበሰቡ። አይንስታይን ኒልስ ቦርን በሁለቱ ስንጥቆች ሙከራ ፈተነው፦ ቅንጣቱ ሲያልፍ ስንጥቁ ያለበትን ሰሌዳ የሚገፋውን ጥቂት ግፊት ብንለካ መንገዱን አናውቅምን? ቦር መለሰለት፤ ግፊቱን እስከዚያ ድረስ አጥርቶ ለመለካት ሰሌዳው ሲላላ የሰሌዳው ቦታ ራሱ እርግጠኛነቱን ያጣል፣ ያም መስመሮቹን ለማደብዘዝ በትክክል ይበቃል። መንገዱ ከታወቀ መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ መስመሮቹ ከታዩ መንገዱ አይታወቅም። አይንስታይን እስከ ዕለተ ሞቱ ልቡ አላረፈም። ጥያቄዎቹ ግን ለሌሎች የሙከራ ሥራ ሆኑ።

አንድ በአንድ

ሞገዱ የብዙ ቅንጣቶች ግፊያ ውጤት ብቻ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር በካምብሪጅ በ1909 አንስቶ ነበር። እጅግ ደካማ በሆነ ብርሃን የመርፌ ጥላ ፎቶግራፍ አነሳ፤ አንዱ ምስል ለመጉላት ወራት ፈጀ፣ መስመሮቹ ግን እንደ ወትሮው ወጡ። በ1961 ክላውስ ዮንሰን በቱቢንገን የኤሌክትሮኖችን የሁለት ስንጥቆች ሙከራ በእውነተኛ ስንጥቆች ሠራው። በ1974 ሦስት ተመራማሪዎች በቦሎኛ፣ ግሪማልዲ የጥላውን ጠርዝ ባጠናበት ከተማ፣ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ለቀቁ። በ1989 በጃፓን አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ነጠብጣቦቹ ሲከማቹ በፊልም አስቀሩ። መጀመሪያ የሚታየው በየቦታው የተበተነ ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በአንድ ቦታ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። ነጥቦቹ በአሥር ሺዎች ሲቆጠሩ ግን የሞገዱ መስመሮች ጎልተው ይወጣሉ። በመካከሉ የሚጋፋው ሌላ ኤሌክትሮን የለም።

ለብርሃን ተመሳሳዩን በ1986 ፊሊፕ ግራንዢየር፣ ዤራር ሮዤና አላን አስፔ በፈረንሳይ ኦርሴ አደረጉት። ነጠላ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ቁንጥር፣ ጨረርን ለሁለት በሚከፍል መስተዋት ላይ ሲላክ በአንዱ ወይም በሌላው መንገድ ይገኛል እንጂ ለሁለት አይከፈልም፤ ቅንጣት ነው። ሁለቱ መንገዶች እንደገና ሲገናኙ ግን ያው ነጠላ ፎቶን የሞገድን ንድፍ ይሠራል። ቴይለር በደካማ ብርሃን የጀመረው ጥያቄ ሙሉ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

በ1999 በቪየና የማርኩስ አርንትና የአንቶን ሳይሊንገር ቡድን 60 የካርቦን አቶሞች ያሉትን ሞለኪውል በተሰነጣጠቀ ንጣፍ አሳልፎ የሞገድ ንድፍ አገኘ። የሞለኪውሉ የሞገድ ርዝመት ከራሱ ስፋት በብዙ መቶ እጥፍ ያንስ ነበር፤ ሞገዱ ግን አለ። በ2019 በዚያው ከተማ እስከ 2,000 የሚደርሱ አቶሞች ያሏቸው ሞለኪውሎች ተመሳሳዩን አሳዩ። እስካሁን በተሞከረው ሁሉ ሞገድነት እዚህ ላይ ያበቃል የሚል ድንበር አልተገኘም።

ያተረፍነውና ያልተዘጋው

ይህ እውቀት ከላቦራቶሪ ከወጣ ቆይቷል። ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በ1931 በበርሊን የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠሩ፤ በ100,000 ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመት ከአረንጓዴ ብርሃን በ100,000 ጊዜ በላይ ስለሚያጥር፣ በብርሃን የማይታዩ ቫይረሶች በእሱ ታይተዋል። በየገጠሩ ጣሪያ ላይ የተተከለው ሶላር የሚሠራው ብርሃን በቁንጥር ስለሚመጣ ነው። ሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያስነሳው 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህልና ከዚያ በላይ ጉልበት የያዘ ፎቶን ነው፤ ከዚያ በታች ያሉት ቢበዙም ኤሌክትሪክ አይሰጡም። ይህም ከላይ ያየነው የድግግሞሽ ገደብ ዘመድ ነው።

ያልተዘጋው ደግሞ ይህ ነው። ከምንጩ ተነስቶ ነጥቡ እስኪታተም ድረስ ኤሌክትሮኑ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ የፊዚክስ ሰዎች ዛሬም አንድ መልስ የላቸውም። ስሌቱ ግን በሙከራ ተረትቶ አያውቅም። ሞገድም ቅንጣትም ከምናየው ትልቅ ዓለም የወሰድናቸው ምስሎች ናቸው፤ ብርሃንና ኤሌክትሮን በአንዱ ብቻ እንዲወሰኑ የሚያስገድድ ሕግ የለም።

ተማሪ ይህን ትምህርት ሲማር የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቀመሩና የአሸናፊዎቹ ስም ነው። የኒውተን ቀለበቶች፣ የፖይሶን ስሌት፣ የሄርትዝ ጨለማ ሳጥንና የሚሊካን ስለትም አብረው ሊደርሱት ይገባል። አራቱም የያዙትን ሐሳብ የሚጎዳ ነገር አግኝተው በትክክል አስቀመጡት፤ የሚቀጥለው ትውልድ የቆመውም በዚያ ላይ ነው። ሳይንስን ከእምነት ሙግት የሚለየው ይህ ልማድ ነው፣ ከቀመሩ ቀድሞ መማርና መለመድ ያለበትም እሱ ነው።